እናታችን ውሃ መስጠት ያቆመች ሰሞን

ጥር 9 ቀን

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ፣ ለመፍቻው፤

እንደምን ከርመሃል? የሰው አገር ብርድ እንዴት ይዞሃል? እኛ ከናፍቆትህ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነን። እናታችን አጠገቤ ተቀምጣ ጉልበቷን በቅባት እያሸች "የያዝከው ይጥበቅልህ፣ የነካኸው አያፍስስብህ ብለሽ ጻፊልኝ" ትላለች። ለቧንቧ ሠራተኛ ከዚህ የበለጠ ምርቃት ከየት ይገኛል? ልጄ ጩጬም ሰላም ብላሃለች። ዘጠኝ ዓመት ስለሞላኝ ከእንግዲህ ጩጬ ተብዬ እንዳልጠራ ለአጎቴ ንገሪው አለችኝ። ይኸው ነገርኩህ፤ እንደማትሰማም ነግሬያታለሁ።

ውሃ አሁን የሚመጣው በዘጠኝ ቀን አንዴ ነው። በመጣ ቀን ሰፈሩ ሌላ ሥራ የለውም። እኔም የስፌት መኪናዬን ሸፍኜ እነሣለሁ፤ ያን ቀን የመጣ ደንበኛ ባልዲ ይዞ ያግዘኛል እንጂ ልብሱን አያገኝም። እናታችን በርጩማዋን ቧንቧው አጠገብ አስቀምጣ አራቱ በርሜሎችህ እስከ አፋቸው እስኪሞሉ ትቆጣጠራለች። ከዚያ በኋላ ዘጠኙን ቀን ሙሉ አዳይዋ እሷ ናት። ጀሪካኑ የደረቀበት ሁሉ ወደ እኛ ግቢ ነው የሚመጣው፤ በጣሳዋ እየጠለቀች ትሰጣለች። ጫማ ሠሪው ጎረቤታችን "የውሃ ልማት ሥራ አስኪያጅ" የሚል ስም አውጥቶላታል። እሷም ለመጣው ሁሉ "ልጄ ነው ለእጄ እንዲመቸኝ አድርጎ ያበጀልኝ" ሳትል አታሰናብትም። አንተ እዚህ ከነበርክበት ጊዜ ይልቅ አሁን ነው ስምህ በሰፈሩ የገነነው።

የኋላዋን ክፍል የተከራየችው ዳቦ ጋጋሪ ትናንት ከሥራ ቀርታለች። ማልዳ ወጥታ ረፋድ ላይ ተመልሳ፣ ቀኑን መስኮቷን ከፍታ የምትተኛዋን ማለቴ ነው። ትኩሳት ይዟታል፣ ከዓይኗ ጀርባ ያማታል። እናታችን በላይ በላዩ ውሃ እየወሰደችላት ነው።

አንድ ነገር ላስቸግርህ። የመኪናዬ ማዞሪያ ጎማ ላልቷል፣ እዚህ ያለው ሁሉ ወር አይቆይም። እዚያ ጠንካራ ካለ ብትልክልኝ።

ውለህ በሰላም ግባ።
እህትህ


ጥር 27 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፤

ደብዳቤሽን ቆሜ አነበብኩት፣ ተቀምጬ ደገምኩት። ሁላችሁም ደህና በመሆናችሁ ደስ ብሎኛል። የእማዬን ጉልበት ሳሚልኝ። ጩጬን ደግሞ ከዛሬ ጀምሮ "ወይዘሪት ጩጬ" እንደምላት ንገሪያት።

የምሠራው አሁን ባለ አሥራ አራት ፎቅ ሕንፃ ውስጥ ነው። ጠዋት ጠዋት ጣሪያው ላይ ወጥቼ ታንከሮቹን እፈትሻለሁ፣ ከሰዓት የነዋሪውን ቧንቧ እጠግናለሁ። በቀደም አንዲት አሮጊት "ቧንቧዬ ያንጠባጥባል፣ ሰላም ነሳኝ" ብለው አስጠሩኝ። ሄጄ ብቆም ብቆም ጠብታ የለም። "ቆይ ትንሽ ጠብቅ" አሉኝ። ሁለታችንም እጃችንን አጣምረን ቧንቧ ስንመለከት ቆይተን አንዲት ጠብታ ጠብ አለች። "ይኸው!" ብለው ሌባ እንደያዘ ሰው ጮኹ። ሳቄን ዋጥ አድርጌ ጠገንኩላቸው። ከዚያ መሰላሌን ተሸክሜ ስወርድ የእናንተ ዘጠኝ ቀን ትዝ አለኝና ሳቁ ጠፋብኝ።

ስለዚህ አንድ ነገር አስቤያለሁ። አራት በርሜል ለእናንተና ለሰፈሩ እንዴት ይበቃል? ትልቅ ታንከር እንዲያስገባልሽ የቧንቧ ዕቃ መሸጫ ያለውን የድሮ ባልደረባዬን ላናግረው ነው። እሱ እስኪመጣ ደግሞ ሁለት በርሜል ይጨምርልሽ፤ እንደ በፊቶቹ ይቆረጡና እማዬ ሳትጎነበስ ትቀዳለች። የመኪናሽን ጎማ ገዝቻለሁ፣ ሰው ሳገኝ እልከዋለሁ።

ዳቦ ጋጋሪዋ ተሻላት?

ወንድምሽ መፍቻው


የካቲት 14 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

ጤናህን አብዝቶ ይስጥልኝ። ደብዳቤህ ደርሶኛል። ስለ አሮጊቷ ጠብታ ያልከውን ለጫማ ሠሪው ብነግረው መዶሻውን ጥሎ ነው የሳቀው። "እንዲህ ያለ ጠብታ እኛም ጋ ይላክልን" ይላል።

ዳቦ ጋጋሪዋ ጉንፋን አልነበረም። አምስተኛው ቀን ላይ ድድዋ ደማና ሆስፒታል ወሰድናት፤ አሥራ አንድ ቀን ግሉኮስ ተተክሎላት ተኛች። አሁን ወጥታለች። ሰውነቷ እስኪጠና እህቷ ዘንድ ሄዳለች፤ ክፍሏ ተቆልፏል። ጩጬም መሐል ላይ ሆዷን አሟት አምስት ቀን ከትምህርት ቀርታ ነበር፤ አሁን ደህና ናት፣ ዳቦ ሲቆረስ የመጀመሪያዋ እሷ ናት። የጫማ ሠሪው ሁለት ልጆችም ትኩሳት ይዟቸው ተነሥተዋል። ከጤና ጣቢያ አንዲት ሠራተኛ መጥታ ሰፈሩን እየዞረች አይታለች።

እኔ ብዙ ሥራ አለኝ። ለአንድ ትምህርት ቤት የደንብ ልብስ እየሰፋሁ ነው፤ አርባ ሁለት ሱሪ፣ ሰማንያ አራት እግር! ጣቴ መርፌ መስሏል።

ስለ ታንከሩና ስለ በርሜሎቹ አመሰግናለሁ፣ ግን አሁን ይቆየን። የድሮ ባልደረባህን አታስቸግረው። የመኪናውንም ጎማ ለጊዜው ተወው፤ አንዱን አጥብቄ እየሠራሁበት ነው። ይልቅ እንዲህ አድርግልኝ፤ ለእናታችን ለብቻዋ ጻፍላት። ረጅም መሆን የለበትም። ሥራህን፣ የምትበላውን፣ የምትለብሰውን ንገራት። እኔ አነብላታለሁ።

እናታችን ደህና ናት።

እህትህ


የካቲት 29 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፤

ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። ለእማዬ የጻፍኩት እዚሁ ፖስታ ውስጥ ነው፣ አንብቢላት። አሁን ግን ከአንቺ ጋር ላውራ።

እኔ አንቺን አውቅሻለሁ። ልጅ ሆነን ብርጭቆ ስትሰብሪ ስለ ድመቷ ነበር የምታወሪው። ያለፈው ደብዳቤሽ ሁለት ገጽ ሙሉ ነው፤ የአርባ ሁለት ሱሪ እግር ቆጥረሽልኛል። ለእማዬ የደረሳት "ደህና ናት" የምትል አንድ መስመር ብቻ ናት። ምርቃቷም የለበትም። ከመጣሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ፤ ያለ ምርቃቷ የመጣ ደብዳቤ ይኼ የመጀመሪያው ነው። ምን ሆናለች? ታማለች? ወድቃለች? ቁርጡን ንገሪኝ። ራቅ ብሎ ያለ ሰው ካልነገሩት የባሰውን ነው የሚያስበው። እኔ ሰሞኑን ያላሰብኩት ክፉ ነገር የለም፤ መሰላል ላይ ቆሜ ሳስብ መፍቻው ከእጄ አምልጦ የታች ፎቅ ሰውዬ ሊከሰኝ ነበር።

ደግሞስ ታንከሩን ለምን አልፈለግሽውም? ውሃ መጣ እንዴ?

መልስሽን ቶሎ።
ወንድምሽ


መጋቢት 14 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

አስጨንቄሃለሁ፣ ይቅር በለኝ። እናታችን አልታመመችም፣ አልወደቀችም። እሺ፣ ሁሉንም ልንገርህ። ስታነበው ተቀመጥ።

የጤና ጣቢያዋ ሠራተኛ የካቲት መጀመሪያ ላይ ነው የመጣችው። ወጣት ናት፣ ለስላሳ አነጋገር አላት፤ በትከሻዋ ቦርሳ፣ በእጇ መዝገብ ይዛለች። እናታችን እንደ ልማዷ "ግቢ የኔ ልጅ፣ ውሃ ልስጥሽ" አለቻት። ልጅቷ አመስግና ነጭ ሳህን ጠየቀች። ሰጠናት። ከአንደኛው በርሜል በጣሳ ቀዳችና ሳህኑ ላይ ገልብጣ ፀሐይ ላይ አስቀመጠችው።

ሁላችንም ጎንበስ ብለን አየን። እንደ ተቆረጠ ክር ያሉ ነገሮች እየተጠማዘዙ ወደ ላይ ወደ ታች ይላሉ።

"ይኼማ የውሃ ትል ነው" አለች እናታችን። "ምንም አያደርግም፤ ጣሳውን መታ ሲያደርጉት ወደ ታች ይሸሻል።"

"እማማ፣ ይኼ ትል ከሳምንት በኋላ ክንፍ ያወጣል" አለቻት ልጅቷ። "የቢምቢ እጭ ነው። የወባዋ አይደለችም፤ ይቺኛዋ በቀን ነው የምትነክሰው። ቆሻሻ ውሃም አትፈልግም፤ እንደዚህ ጥላ ሥር የተቀመጠ ንጹሕ ውሃ ነው የምትወደው። የደንጊ ትኩሳት የሚባለውን ይዛ የምትዞረው እሷ ናት።"

ከዚያ ቀና ብላ የዳቦ ጋጋሪዋን መስኮት አየች። በርሜሎቹ የተደረደሩት ከሥሩ ነው። "እዚህ ክፍል ውስጥ ቀን የሚተኛ ሰው አለ?" ብላ ጠየቀች። የታመሙት ቤቶች መዝገቧ ላይ ተጽፈው ነበር፤ መጠየቋ ለማረጋገጥ ነው።

በዚያ ቢያበቃ ደግ ነበር። የጩጬን የሆድ ሕመም ስትሰማ ከቦርሳዋ ሁለት ትንንሽ ጠርሙሶች አወጣች። ያን ቀን ውሃ መጥቶ ስለነበር አንዱን በቀጥታ ከቧንቧው፣ ሌላውን ከምንጠጣበት በርሜል ሞላችና ሙቀት ያለበት ቦታ አስቀምጧቸው፣ የተበከለ ውሃ ከሆነ ይጠቁራል፣ ከነገ ወዲያ እመለሳለሁ ብላ ሄደች። እናታችን ጠርሙሶቹን የራስጌዋ ጠረጴዛ ላይ ደርድራ ስትጠብቃቸው ዋለች። በማግስቱ ከሰዓት የበርሜሉ እንደ ቀለም ጠቆረ። የቧንቧው እንዳለ ነበር፤ ኩልል እንዳለ።

ልጅቷ ስትመለስ "ውሃው ሲመጣ ደህና ነው" አለች። "በርሜሉ ውስጥ ነው የሚበከለው። የሁሉም እጅ፣ የሁሉም ጣሳ ይገባበታል። ባክቴሪያው በዓይን አይታይም።" ከዚያም በርሜሎቹን ዞር ዞር ብላ አየቻቸው። ክዳን የላቸውም።

ልጅቷን ከሸኘኋት በኋላ ስመለስ እናታችንን የመጀመሪያውን በርሜል በሁለት እጇ ይዛ ስትገፋ አገኘኋት። "ተይ፣ ቢያንስ ለልብስ ማጠቢያ ይሁን" አልኳት። አልሰማችኝም። ውሃው ግቢውን ሞልቶ በበሩ ሥር ወደ መንገድ ወጣ። ሁለተኛውን እኔም አገዝኳት፤ ብቻዋን ብተዋት ወገቧን ትቆረጥ ነበር። ውሃ ሊመጣ ሰባት ቀን ሲቀረው አራቱንም ደፋን። ሰዎች በራቸው ላይ ቆመው ያዩ ነበር። የጫማ ሠሪው ሚስት ልጇን ወደ ውስጥ ሳበችው። ክፉ ነገር አልተናገረችም፣ ሳበችው ብቻ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እናታችን ለማንም ውሃ አትሰጥም። አንድ ጀሪካን ብቻ ለራሳችን ይዘናል፤ እሱንም እኔ ነኝ የምቀዳው፤ እሷ አትነካውም። ለራሷ እንኳ ካልሰጠኋት አትጠጣም። በርጩማዋን ከደጅ አስገብታዋለች። የምትናገረው "እሺ" እና "አይ" ነው። አንድ ቀን ብቻ ምሳ ላይ፣ ምንም ሳንላት "እየታመመች አጠጣኋት እኮ። ጩጬንም" አለችና ማንኪያዋን አስቀመጠች። የላክህላትን ደብዳቤ አነበብኩላት። አጣጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው እንጂ መልስ ጻፊ አላለችኝም። ምርቃቱ የቀረው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ያለው ይኼ ነው። ከአንተ ምንም ዕቃ አልፈልግም።

እህትህ


ሚያዝያ 25 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፤

ደህና ነህ? ከጻፍኩልህ አርባ ቀን አለፈው። ፖስታ ቤት በሳምንት ሁለቴ እየሄድኩ ነው፤ መስኮቱ ላይ ያለው ሰውዬ ከሩቅ ሲያየኝ ራሱን ይነቀንቃል። ተቆጥተህ ከሆነ ተቆጥቻለሁ ብለህ ጻፍ። ታመህ ከሆነም ለባልደረባህ ንገረውና ይጻፍልኝ።

እናታችን እንዳለች ናት። በርሜሎቹ ግድግዳው ሥር ተደፍተው ደርቀዋል። ትናንት ጩጬ አንዱን አቃንታ ውስጡ ልትደበቅ ስትል እናታችን ከቤት ወጥታ እጇን ይዛ ጎተተቻት። ከጮኸች ስንት ጊዜዋ! በጩኸቷ ደስ አለኝ ብልህ ታምነኛለህ?

አንድ መስመር ትበቃኛለች።

እህትህ


ግንቦት 3 ቀን

ይድረስ ለእትዬ፤ ለእማዬም ጭምር፤

የመጋቢቱ ደብዳቤሽ በጊዜው ደርሶኛል። አልታመምኩም፣ አልተቆጣሁም። አራት ጊዜ ጽፌ አራት ጊዜ ቀደድኩት። ይኼ አምስተኛው ነው፤ እንደወጣ ይላካል።

"ክዳን የላቸውም" ብለሽ በአንድ መስመር አልፈሻል። ለምን እንደሌላቸው አልጻፍሽም። ሳምንት ሙሉ ያቺን መስመር አየኋት። ለምን እንዳልጻፍሽው ገብቶኛል፣ ግን መጻፍ ያለብኝ እኔ ነኝ።

በርሜሎቹ ሲገዙ አፋቸው ጠባብ ነበር፣ የሚጠብቅ ክዳንም ነበራቸው። ልሄድ ሳምንት ሲቀረኝ በብረት መጋዝ አናታቸውን ቆርጬ የጣልኩት እኔ ነኝ። እማዬ እጇን ዘርግታ እንድትቀዳ ብዬ ነው። ጠርዙ እንዳይቧጭራት ግማሽ ቀን በብርጭቆ ወረቀት አሸሁት። የተቆረጠውን ከነክዳኑ ለቆራሌው ሰጠሁት። የዳቦ ጋጋሪዋ መስኮት ሥር የደረደርኳቸውም እኔ ነኝ፤ ጥላ ስላለ ውሃው ይቀዘቅዛል ብዬ።

እትዬ፣ ይኼ ሥራዬ እኮ ነው። እዚህ ጣሪያ ላይ የታንከር ክዳን ተሰንጥቆ ካየሁ ካልተቀየረ አልወርድም ብዬ ከአለቃዬ ጋር እጣላለሁ። የሰው ውሃ ነዋ! የእናቴን ውሃ ግን ከፍቼው ሄድኩ፤ በዚያ ላይ ሁለት በርሜል ልጨምር ብዬ ጻፍኩልሽ። ያ ደብዳቤ ሲደርስሽ ምን እንዳሰብሽ እያሰብኩ ነው የከረምኩት።

ስለዚህ እማዬ፣ ስሚኝ። ማንንም ያሳመምሽ አንቺ አይደለሽም። አንቺ ለጠማው ሰጠሽ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።

አሁን ወደ ሥራው። በርሜሎቹ ይድናሉ። ደርቀዋል ብለሽ እንዳትታለዪ፤ የሕንፃችንን ታንከር ለመመርመር የሚመጣውን ሰው ጠይቄዋለሁ። ቢምቢዋ እንቁላሏን የምትለጥፈው ከውሃው ከፍ ብሎ ግድግዳው ላይ ነው፤ ደርቆ ወራት ይቆይና ውሃ ሲነካው ይፈለፈላል። ውስጡን በሳሙናና በጠንካራ ብሩሽ ፈትጉት፤ ጠርዙን በተለይ። ከዚያ እያንዳንዱ በርሜል ላይ፣ ከታች አራት ጣት ከፍ ብሎ፣ ቧንቧ ይገጠምለት። ማንም እጁንም ጣሳውንም አያስገባም፤ ከፍቶ መቅዳት ነው። ቀዳዳው ከቧንቧው አንገት እንዳይሰፋ። ከውስጥም ከውጭም የጎማ ቀለበት ይግባበት። በእጅ አጥብቃችሁ በመፍቻ ሩብ ዙር ብቻ ጨምሩ፤ ከዚያ በላይ ከሄዳችሁ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ሥዕሉን ከጀርባው ሥያለሁ። አራት ቧንቧ ከመኪናሽ ጎማ ጋር ልኬአለሁ። ክዳኑን ግን እንዴት እንደምታደርጉት አላውቅም፤ የቆረጥኩትን መመለስ አልችልም። የመጠጡን ውሃ ክሎሪን ልኬት ያቺን ልጅ ጠይቋት።

ይኼን ደብዳቤ ለእማዬ ሳታስቀሪ አንብቢላት።

መፍቻው


ሰኔ 6 ቀን

ይድረስ ለወንድሜ፣ ለመፍቻው፤

እንኳን ከዝምታ ወጣህ። ቧንቧዎቹም ጎማውም ደርሰዋል። የሆነውን ከመጀመሪያው ልንገርህ።

ደብዳቤህን ለእናታችን ያነበብኩላት ጠዋት ነው፣ ጩጬ ትምህርት ቤት ሄዳ። "ያበላሸሁት እኔ ነኝ" የሚለው ላይ ስደርስ እጇን አነሣች።

"ውሸታም!" አለች።

ደንግጬ አየኋት።

"ቁረጥልኝ ያልኩት እኔ አይደለሁም? 'እማዬ ክዳኑ ይቅርበት?' ብሎ ጠየቀኝ፤ ውሃ አየር ካላገኘ ይሸታል፣ ቁረጠው አልኩት። እሱ መጋዝ ያዘ እንጂ ምን አደረገ? አሁን ማዶ ተቀምጦ ጥፋቴን ሊወስድብኝ ነው?" ከሦስት ወር በላይ ያጠራቀመችውን ቃል በአንድ ትንፋሽ አወጣችው። ጥፋት እንደ ርስት ስትከራከሩበት ሳይ ሳቄ መጣ፣ ወዲያው ደግሞ ዕንባዬ።

ያኔ ነው እኔም ያልነገርኳችሁን የነገርኳት። ለአንተም ልጻፍልህ። ትሎቹን ከታኅሣሥ ጀምሮ አያቸው ነበር። ለካውያ የምረጨውን ውሃ በሻሽ ቁራጭ ሳጠልለው ሻሹ ላይ ይቀሩ ነበር። አራግፌ እጥላቸዋለሁ። ለጩጬም የማሲዛትን ውሃ አንዳንዴ አጠልል ነበር፣ ሥራ ሲበዛብኝ ደግሞ እተወዋለሁ። ለእናታችን ብነግራት በሰው ፊት ታፍራለች ብዬ ዝም አልኩ። ዳቦ ጋጋሪዋ የታመመች ቀን እንኳ አልተናገርኩም። ደብዳቤ ላይ "ክዳን የላቸውም" ብዬ ያለፍኩት አንተን ለማዳን መስሎህ ከሆነ፣ ግማሹ ራሴን ለማዳን ነበር።

እናታችን ጉልበቷን ታሻለች፣ መሬት መሬት ታያለች። ሊከፋት ነው ብዬ ስጠብቅ፣ "እንግዲህ ሦስታችንም ነና" አለች። ቀጥላም "ተነሺ፣ መሰርሰሪያ ያለው ማነው?"

መሰርሰሪያ ያለው ጫማ ሠሪው ነው። እናታችን ራሷ ናት ሄዳ በሩን ያንኳኳችው። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም፤ ብቻ ሰውዬው መሣሪያውን ይዞ ከኋላዋ መጣ፣ ሚስቱም ብሩሽ ይዛ ተከተለች። ሴቶቹ ፈተግን። ጠርዙ ላይ ጥቀርሻ የመሰለ ጥቁር ነጠብጣብ ነበር፤ የጤና ጣቢያዋ ልጅ መጥታ እንቁላሉ ይኼ ነው ብላ አሳየችን። እናታችን ያንን ጠርዝ የፈተገችበት ሁኔታ! ፕላስቲኩ ከነቀለሙ እንዳይወጣ ፈራሁ።

የላክኸው የጎማ ቀለበት ለሁለቱ ሳሳ። ጫማ ሠሪው "ጎማማ የኔ ሥራ ነው" ብሎ ከጫማ ሶል ቆርጦ ሠራላቸው፤ እመነኝ፣ ካንተዎቹ እነሱ ናቸው ጠብ የማይሉት። አንደኛውን ግን ሩብ ዙር ያልከውን ትቶ ሙሉ ዙር አጥብቆት ሲሰነጠቅ ተሰማ። እናታችን "ልጄ ሩብ ብሎ ጽፏል! ማንበብ አትችልም?" ብላ ጮኸችበት። "እማማ፣ ሲቆጡኝ ደስ አለኝ" አላት ሰውዬው። ስለዚህ አሁን ያሉን ሦስት በርሜሎች ናቸው። አራተኛው የጩጬ መደበቂያ ሆኗል፤ ውሃ እንዳይዝ ታቹን በስተነዋል።

ክዳኑን እኔ ተወጣሁት። የበርሜሉን አፍ እንደ ደንበኛ ወገብ በሜትር ለካሁና ከጥቅጥቅ መረብ ጨርቅ ዙሪያውን ላስቲክ ያለው ልብስ ሰፋሁለት። ከላዩ አናጢው የቆረጠው ክብ ጣውላ ይደፋበታል። ጣት አይገባም፣ ቢምቢ አይገባም። በአዲሱ ጎማ መኪናዬ ትበርራለች፤ እስከ ትናንት ለሰፈሩ ሃያ ስድስት የበርሜል ልብስ ሰፍቻለሁ። ወገባቸው ሁሉ የተለያየ ነው! በርሜሎቹንም ከመስኮቱ ሥር አንሥተን የወጥ ቤቱ ግድግዳ ጋ አቁመናቸዋል።

ጠርሙሶቹ እንደገና ተሞልተው የእናታችን ጠረጴዛ ላይ ተቀመጡ። ሦስት ቀን ጠበቀቻቸው፤ ልጅቷ ሁለት ቀን ይበቃል ብትላትም። አልጠቆሩም። እንደዚያም ሆኖ ውሃ ለመስጠት እጇ አልፈታ አለ። ሰው ጀሪካን ይዞ ሲመጣ "አንቺ ቅጂለት" ትለኛለች፣ ራሷ ወደ ጓዳ ትገባለች። እኔም አልገፋኋትም።

ዳቦ ጋጋሪዋ የመጣችው ያለፈው ሐሙስ ነው። ቀሚሷ ሰፍቷት፣ ጸጉሯ ሳስቶ፣ ትንሽ ሻንጣ ይዛ በር ላይ ቆመች። ዕቃዋን ልትወስድ ነው የመጣችው ብዬ አሰብኩ፤ እናታችንም እንደዚያ ነው ያሰበችው፤ የክፍሏን ቁልፍ ከማጀቱ አምጥታ ዘረጋችላት። ልጅቷ ቁልፉን ተቀብላ ደጁ ላይ ቁጭ አለች።

"እማማ፣ ውሃ ይስጡኝ" አለች።

እናታችን እኔን አየችኝ። እኔ ሱሪ እየተኮስኩ ነበር፤ ካውያውን አላስቀመጥኩም።

"ከሱቅ የታሸገ ይምጣልሽ" አለቻት።

"ከፌርማታው ጀምሮ በእግሬ ነው የመጣሁት" አለች ልጅቷ። "ጠማኝ እኮ ነው የምልዎት።"

እናታችን ተነሣች። ብርጭቆውን አጥባ፣ አለቅልቃ፣ ፀሐይ ላይ አንሥታ አየችው። እንደገና አለቀለቀችው። ወደ መጠጡ በርሜል ሄዳ ቧንቧውን ከፈተች። ሞልታ አመጣችላትና ፊቷ ቆመች። ልጅቷ ሳትተነፍስ ጠጣችው። አገጯን በእጇ ጀርባ ጠረገችና ብርጭቆውን መልሳ ዘረጋችው።

"ይድገሙኝ" አለቻት።

እናታችን ደገመቻት። በርጩማዋንም ይዛ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

እህትህ